የአብዱልባሲጥ አክስል

«ከደሴ ድረስ! አላህ አጅራችሁን ይክፈላችሁ፤ ግቡ፣ ግቡ» አለች በሩን የከፈተችላቸው ሴት። ጀማሉዲን «እኛ እንኳ የመጣነው...» ብሎ ሳይጨርስ ፊቷን ወደ ግቢው መልሳ «ለእንግዶቹ ቦታ ልቀቁላቸው፣ ከደሴ ነው የመጡት!» ብላ ተጣራች። ሴትዮዋ ያየችው ነጭ ቆብ ያደረገ፣ ጋቢውን ትከሻው ላይ ያጣፋ ሽማግሌና ጥቁር ሒጃብ የለበሰች ልጁን ነበር። በዚያ ሰሞን እንዲህ ሆኖ ያንን በር የሚያንኳኳ ሰው ለምን እንደመጣ አይጠየቅም። ፋኢዛ ከአባቷ ኋላ ሆና ስታይ ግቢው ውስጥ ሰማያዊ ድንኳን ተተክሏል። ከድንኳኑ ጎን፣ አጥሩን ተጠግቶ፣ እስከ መሬት ድረስ በሸራ የተሸፈነ መኪና ቆሟል። አባትና ልጅ መጀመሪያ መኪናውን አዩ፣ ከዚያ ድንኳኑን፣ ከዚያ እርስ በርስ ተያዩ። ድንኳኑ ውስጥ የነበሩት ወንዶች ግን ተነስተው ነበር። ሰው ቦታውን ለቆ ከተነሳልህ በኋላ በር ላይ ቆሞ አክስል ልናይ ነው የመጣነው ማለት አይቻልም። ጀማሉዲን ጫማውን አውልቆ ገባ። «አላህ ይርሀመው፣ ሶብሩን ይስጣችሁ» አለ። ሸሁ ለዱዓ እጃቸውን ሲዘረጉ እሱም ዘረጋ።

ኪዳኑ ጠዋት በስልክ የነገራቸው ሌላ ነበር። ኪዳኑ ኮምቦልቻ ውስጥ ጋራዥ ያለው፣ የጀማሉዲንን ፒካፕ ለዓመታት ሲጠግን የኖረ መካኒክ ነው። «ከቦርከና ማዶ አረንጓዴ በር ያለው ቤት ነው፤ የተገለበጠ ላንድክሩዘር በየክፍሉ እየተሸጠ ነው፤ ሀፊዝ የሚባል ልጅ ጠይቁ፣ የፊቱን አክስል ያሳያችኋል» ነበር ያለው። መኪናው ሲገለበጥ ባለቤቱ አብሮ መሞቱን እሱም አልሰማም። ከደሴ ሲወርዱ፣ ሐረጎ ጠመዝማዛው ላይ፣ ጀማሉዲን ሚኒባሱ ውስጥ ከልጁ ጎን ተቀምጦ ስለዚያ መኪና ብቻ ነበር የሚያወራው። በጎኑ ተመትቶ ከሆነ የፊት አክስሉ ይጣመማል፤ በጣሪያው ከሆነ ግን ከታች ምንም አይነካውም። ኪዳኑ ጣሪያው መሬት ነክቷል ብሎኛል ሲል ፊቱ በርቶ «አልሐምዱሊላህ፣ ጣሪያው ከሆነ ተርፏል ማለት ነው» አለ። ፋኢዛም «አልሐምዱሊላህ» ብላ ነበር። አሁን ይኼ ትዝ አላትና አንገቷን ደፋች። በሩን የከፈተችው ሴት ክንዷን ይዛ ወደ ሴቶቹ ክፍል አስገባቻት።

ክፍሉ ጠባብ ነው። ቁም ሳጥኑ ወደ ጥግ ተገፍቶ ወለሉ በሙሉ ፍራሽ ተነጥፎበታል፤ ቴሌቪዥኑ በነጭ ነጠላ ተሸፍኗል። መስኮቱ ሥር ከቅሬው፣ ከሰፈሩ እድር፣ የመጡ፣ በቀይ ቀለም ምልክት የተደረገባቸው ትሪዎችና ጎድጓዳ ሳህኖች ተደርድረዋል። የበሩ ኋላ ምስማር ላይ አራት የተማሪ ዩኒፎርሞች ከትልቁ ወደ ትንሹ ተሰቅለዋል። ደሴ ብርድ ስለነበር ፋኢዛ ወፍራም ሹራብ ለብሳ ነበር፤ የኮምቦልቻ ሙቀትና የሰዉ ትንፋሽ ተጨምሮበት ላቧ በጀርባዋ ይወርድ ጀመር። ሹራቧን ማውለቅ ግን የመደላደል መሰላትና ተወችው። ጥጉ ላይ የተቀመጠችው ክስት ያለች ወጣት ሴት የሟቹ ሚስት መሆኗን ማንም ሳይነግራት አወቀች። ሴቶቹ ፈቀቅ ፈቀቅ ብለው ከጎኗ አስቀመጧት። የሩቅ እንግዳ ከሐዘንተኛዋ ጎን ነው የሚቀመጠው።

«አባትሽ አብዱልባሲጥን በምን ያውቁታል?» አለቻት ሚስቱ፤ ስሟ ሰዒዳ ነው። ለስላሳ ድምፅ ነበራት፤ የጠየቀችው ለመመርመር ሳይሆን ስለ ባሏ የሚነገር አንድ አዲስ ነገር ለመስማት ነበር።

«አባቴም ሾፌር ነው» አለች ፋኢዛ። «በኩታበር በኩል ወደ ላይ ገጠር ነው የሚሠራው።» ይኼ እውነት ነበር። ከዚያ በላይ አልጨመረችም።

«ሾፌሮቹ ይወዱታል» አለች ሰዒዳ። «መንገድ ላይ የቆመ ሰው አይቶ አያልፍም ነበር። አባትሽንም ረድቶ ይሆናል። እኔ ግን አላውቅም፣ ብዙ ነገር አይነግረኝም ነበር።» የፋኢዛ ዝምታ እንደ አዎ ተቆጠረላት። ሰዒዳ ጉልበቷ ላይ እጇን አሳረፈችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ሌሎቹ ሴቶች ምግብ ማቅረብ ሲጀምሩ፣ ቀስ እያለች ማውራት ጀመረች። መኪናው የተገዛው እሷ ጂዳ ሰው ቤት ሠርታ በላከችው ነው። ስሙ የዞረው ግን በሱ ነው፤ ያኔ ይኼ ነገር አይታሰብም ነበር። አሁን ለልጆቹ ሌላ ነገር የለም። ተጠግኖ ይሠራል፣ ካልሆነ በሙሉ አካሉ ይሸጣል፤ ሽማግሌዎቹ አርብ ከጁምዓ በኋላ ተቀምጠው ይወስናሉ። እስከዚያ አንድ ቡሎን እንዳይነካ ብላ በሸሁ በኩል አስነግራለች። «ሀፊዝ የባሌ ወንድም ነው፣ ክፉ አይደለም፣ ግን ዓይኑ እዚያ ላይ ነው። ሽማግሌዎቹ ደግሞ የሱ ሰፈር ሰዎች ናቸው። እኔ ዒዳዬን የምቆጥር ባሏ የሞተባት ሴት ነኝ፤ ከዚህ ክፍል ወጥቼ መኪናውን አላይ፣ ከወንዶቹ ፊት ቀርቤ አልናገር።» ቆም አለችና የፋኢዛን ፊት አየች። «አባትሽ ለሱ ብለው ከደሴ ድረስ የመጡ ሰው ናቸው። የማንም ወገን አይደሉም። አርብ መጥተው ለኔ ይቀመጡልኝ። ለየቲሞቹ ብለው። አማና ነው እህቴ።»

ፋኢዛ አዎም አይሆንምም ማለት አቃታት። የመጣነው ለመኪናው ነው ብትል ቀጥሎ የምትለው አልነበራትም፤ ማን ጠራችሁ ትባላለች፣ ሀፊዝ ትላለች፣ ከዚያ ሬሳ በወጣበት ቤት የሚነሳውን ጩኸት አሰበችው። ስልክ ቁጥር ስትጠየቅ ሰጠች። እንጀራው መጣ፣ የምስር ወጥ ነበር፤ በላች። አጠገቧ የተቀመጠችው ሴት «ብዪ እንጂ፣ ከሩቅ መጥተሽ» እያለች ስታጎርሳት ጎረሰች።

ሲወጡ ሀፊዝ እስከ በሩ ሸኛቸው። ሠላሳ ዓመት የማይሞላው፣ ዓይኑ በእንቅልፍ ማጣት የቀላ ልጅ ነው። ከድንኳኑ ራቅ ሲሉ «ኪዳኑ የላካችሁ እናንተ ናችሁ? ለአክስሉ?» አለ።

ጀማሉዲን ዞሮ ድንኳኑን አየ። ሸሁ አሁንም ወደነሱ እያዩ ነበር። «እኛ ለለቅሶ ነው የመጣነው» አለ።

«ይሁን አባ። ለኪዳኑ እደውልለታለሁ» አለ ሀፊዝና እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ አጎንብሶ ተሰናበታቸው። ጀማሉዲን አትደውል አላለም።

ጋራዡ ድረስ በእግራቸው ሄዱ። ፀሐዩ ጠንክሮ ነበር፤ ባጃጆች እየጠሩ አልፈዋቸዋል። ፋኢዛ ሰዒዳ ያለችውን ሁሉ፣ ጂዳውንም፣ ቡሎኑንም፣ አርቡንም፣ ከአባቷ ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ ቀርታ ነገረችው።

«አንቺ ምን አልሻት?» አለ ስትጨርስ።

«ምንም አላልኳት።»

«ደግ አደረግሽ።» አለና ወደ ጋራዡ ታጠፈ።

ፒካፗ ጋራዡ መሀል በግንድ ላይ ተሰቅላለች፤ የፊት ጎማ የላትም፣ ከሞተሩ በታች ባዶ ናት። ጀማሉዲን ባለፈው ክረምት ከኩታበር በላይ ካለው ገጠር ወደ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል በሽተኛ ይዞ ሲወርድ፣ ድንጋያማው ቁልቁለት ላይ የፊት እግሯ ተሰብሮ ገደል አፋፍ ላይ ነው የቆመችው። ከዚያ በፊትም ሁለት ጊዜ ተሰብራ ተጠግና ነበር። ለከተማ መንገድ የተሠራች ቀጭን እግር ያላት መኪና ናትና ለዚያ ድንጋይ አትሆንም። ስለዚህ ኪዳኑ የድሮውን በኦክስጅን ቆርጦ አውጥቶ፣ በመኪናዋ አጽም፣ በሻንሲው ላይ፣ የባሌስትራ ምንጭ ብረት መስቀያ በይዶ፣ ቀጥ ያለ የከባድ መኪና ዓይነት አክስል ሊገጥምላት አዘጋጅቷል። አዲስ አበባ ተገኝቷል የተባሉት አክስል ነበር፤ ሻጩ ለሌላ ሰው ሸጠው። ከዚያ ወዲህ ፒካፗ እንዲሁ እንደተሰቀለች ናት። የገጠሩ ሰዎች ክረምት ሳይገባ ካልተመለስክ ሌላ ሾፌር እናወጣለን ብለውታል። ሌላው ሾፌር ደግሞ ተገኝቷል፤ ስለሺ የሚባል፣ መኪናው አዲስ የሆነ የኩታበር ልጅ ነው። ጀማሉዲን መንገዱን ካጣ ቁጭ ማለት ነው፤ በዚህ ዕድሜው የሰው መኪና የሚሰጠው የለም።

«እህሳ ጋሽ ጀማል፣ ፋቲሓ አድርገው መጡ አሉኝ!» አለ ኪዳኑ ከፒካፗ ሥር ተስቦ እየወጣ። «እኔ አክስል ይዩ ብዬ ብልክዎ ለቅሶ ደርሰው፣ በልተው፣ ተመርቀው! ሠርግ ቤት ብልክዎ ሙሽራ ይዘው ይመለሱ ነበር።» ማንም አልሳቀም። ኪዳኑ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ሁለቱን አፈራርቆ አየና «ሰውዬው መሞቱን በማርያም አላወቅሁም» አለ።

«ሌላ ምን አለ?» አለ ጀማሉዲን።

ሌላ ያለው ጥጉ ላይ ተጋድሟል፤ ከድሮ የወታደር ጂፕ፣ ከዋዝ፣ የተፈታ አክስል ነው፣ ዋጋው ርካሽ ነው፣ ብረቱም ጠንካራ ነው። ጀማሉዲን አጠገቡ ቁጢጥ ብሎ በእጁ ዳበሰው። ኪዳኑ ግን ራሱን ነቀነቀ። የጥርሱ ቁጥር ከኋለኛው ጋር አይገጥምም፤ ፊትና ኋላው እኩል ስለማይዞሩ ዳገት ላይ አራቱም ጎማ እንዲጎትት ሲደረግ እርስ በርስ ይታገሉና ካምቢዮውን ይበሉታል። «ጥርሱን ማስቀየር አይቻልም?» አለ ጀማሉዲን። ኪዳኑ ይቻላል፣ ግን ጥርሱ ራሱ የለም፣ ከተገኘም ከአክስሉ ይወደዳል አለ። ፋኢዛ ዩኒቨርሲቲ አካውንቲንግ ተምራ አሁን ደሴ አንድ የግል ድርጅት ውስጥ ገንዘብ ያዥ ናት፤ ስለ ጥርስና ካምቢዮ የምትለው የላትም። «የአዲስ አበባውን ዓይነት ሌላ ብንጠብቅስ?» አለች። ኪዳኑ ትናንት ጠይቄ ሦስት መቶ ሺህ ብለውኛል አለ። እሷ የሁለት ዓመት ቁጠባዋን ከአባቷ ዕቁብ ጋር ደምራ ስልኳ ላይ ያለው የዚያን ግማሽ ትንሽ ቢያልፍ ነው። ይኼን ሦስቱም ያውቁታል።

«ሀፊዝ ደውሎልኛል» አለ ኪዳኑ ወደ መሬት እያየ። «እናንተ ከያዛችሁት ገንዘብ በታች ይሰጣል። የጎታች መኪናውንም፣ ድንኳኑንም እኔ ነኝ የከፈልኩት፣ ቸኩያለሁ ነው የሚለው።»

«ቡሎን እንዳይነካ ተብሏል» አለች ፋኢዛ። ድምፅዋ ከጠበቀችው በላይ ወጣ።

«ማን አለ?»

«ሚስቱ።»

ኪዳኑ ተነፈሰ። «እህቴ፣ አክስሉማ ወጥቷል። መኪናው ከተገለበጠበት ሲጎተት ሌላ ጋራዥ አድሮ ነው ግቢ የገባው። እዚያው ፈቱት። መኪናው ሸራው ሥር ድንጋይ ላይ ነው የተቀመጠው። አክስሉን እናንተ ባትወስዱት ከሰዓት በኋላ ሌላ ሰው ይወስደዋል፣ እኔንም ግጠምልኝ ብሎ እዚሁ ይዞት ይመጣል።»

ጀማሉዲን ከዋዙ አክስል አጠገብ ተነሳ። ከዚያ «ይምጣና እንየው። ማየት ምን አለው» አለ።

በጭነት ባጃጅ ነው የመጣው፣ በምንጣፍ ተጠቅልሎ። ሁለት ሰዎች አግዘው አወረዱት። ሀፊዝ አልመጣም፤ ለቅሶ ቤት ነው። ጀማሉዲን ጋቢውን አውልቆ ለልጁ ሰጣትና ተንበረከከ። ሁለቱን ጫፎች በገመድ ለካ፣ መሀሉን አዞረው፣ ጆሮውን አስጠግቶ ሰማ። ማሰሪያውን ፈትቶ ዘይቱን በጣቱ ነክቶ ወደ ብርሃን አውጥቶ አየው። ግራሶው አዲስ ነበር፤ በቅርቡ ተከፍቶ፣ ታጥቦ፣ በጥንቃቄ ተሞልቷል። ኩሽኔታዎቹም ተቀይረዋል። ጀማሉዲን ጣቱ ላይ ያለውን ግራሶ ትንሽ አየው። «እጁ ጥሩ ነበር ልጁ» አለ። «እንዲህ አድርጎ የያዘ ሰው አላየሁም። አላህ ይርሀመው።» ይኼን ጊዜ ከጠዋቱ ይልቅ ለቅሶ የደረሰ ሰው ይመስል ነበር።

ፋኢዛ ቆማ ጠበቀች። አባቷ አይሆንም እንዲል ፈለገች፤ ደግሞ አይሆንም ቢል ነገ ደሴ ሆጤ ሰፈር ቤታቸው በር ላይ ወንበር አውጥቶ ሲቀመጥ፣ ከነገ ወዲያም ሲቀመጥ ታያት። አሮጌውን እግር አስጠግኖ ወደዚያ ቁልቁለት ይመለሳል እንዳትል የድሮው እግር ተቆርጦ ተጥሏል። ከሁለቱ የቱን እንደምትፈራ ለራሷም ግልጽ አልነበረም።

«ገንዘቡን ላኪለት» አለ ጀማሉዲን።

«አባ...»

«ላኪለት ልጄ።» ዓይኑ ፒካፗ ላይ ነበር። ወደሷ አልዞረም።

ስልኳን አወጣች። ኪዳኑ ቁጥሩን አነበበላት፣ አስገባች፤ የሀፊዝ ሙሉ ስም እስከ አያቱ ወጣ። የአብዱልባሲጥም አባት ስም ያው መሆኑ ታሰባት። ስልኩ እርግጠኛ ነዎት ብሎ ጠየቃት። ኪዳኑ እንዳያያት ዞሮ መፍቻ መፈለግ ጀምሮ ነበር፤ አባቷ ግን እጁን በጉልበቱ ላይ አድርጎ እየጠበቀ ነው። የምስጢር ቁጥሯን አስገብታ ተጫነችው። ሲሄድ ድምፅ አሰማ። «ደርሷል» አለች።

ከዚያ በኋላ የነበረው ሥራ ብቻ ነው። የፊቱ ዘንግ ብረት ወደሚቀረጽበት ቶርኖ ቤት ሄዶ ተቆርጦ መጣ፤ ባሌስትራው ተሰቀለ፤ የመሪው ዘንግ ሁለት ጊዜ ተፈትቶ ታሰረ። ጀማሉዲን አብሮ ከሥር ተኝቶ ያነሳል፣ ይይዛል፣ ኪዳኑ ሲቀልድ አንዳንዴ ይመልሳል፤ በመሀል ተነስቶ ታጥቦ ዙሁርንም ዐስርንም ሰግዷል። ፋኢዛ በር ላይ ባለው የጎማ ክምር ላይ ጋቢውን ታቅፋ ዋለች። ሥራ ቦታዋ ደውላ ነገም እንደማትገባ ልትናገር አሰበችና ምክንያቱን ስታጣ ተወችው።

ጀንበር ሳትጠልቅ ሐረጎን መውጣት ጀመሩ። መኪናዋ ከበፊቱ ከፍ ብላለች፤ ፋኢዛ ስትገባ መያዣውን ስባ ነው የወጣችው። ድሮ ጥምዝምዙ ላይ መሪው ይንቀጠቀጥ ነበር፣ አባቷም በሁለት እጁ አንቆ ይይዘው ነበር። አሁን ዝም ብሎ ይታዘዛል። አንድ ቦታ ሆን ብሎ ከአስፋልቱ ወጥቶ ድንጋይ ላይ አስኬዳት፤ ፊቷ ከፍ ብሎ ዝቅ አለ፣ ምንም አልጮኸም። «ጽኑ ነው» አለ። «አዎ፣ ጽኑ ነው» አለች። ሌላ ጊዜ ቢሆን እንዲህ ሲሆንለት መንዙማ ያንጎራጉር ነበር። ታች የኮምቦልቻ መብራቶች አንድ አንድ እያሉ ሲበሩ በመስታወቱ ታዩ።

ስልኩ የጮኸው ዳገቱን ጨርሰው ደሴ ሊገቡ ሲሉ ነው። ፋኢዛ ቁጥሩን አላወቀችውም፤ ስታነሳው ድምፁን አወቀችው። ሰዒዳ ናት። በደህና ገባችሁ ወይ፣ መሸባችሁ እኮ፣ እናንተ ከሄዳችሁ በኋላ ሴቶቹ ሁሉ ስለ አባትሽ ሲያወሩ ነበር፣ ሸሁም ስለሳቸው ጠይቀዋል አለች። ከዚያ ትንሽ ቆማ «ነገርሻቸው?» አለች። ፋኢዛ ስልኩን ወደ አባቷ ዘረጋችው። ጀማሉዲን መኪናዋን ዳር አስይዞ አቆመ። ስልኩን በግራ እጁ ይዞ፣ ቀኝ እጁ መሪው ላይ እንዳለ፣ ረጅም ጊዜ አዳመጠ። ከስልኩ የሚወጣው ድምፅ ለፋኢዛ ቃሉ አይለይም፤ ማልቀሷ ግን ይሰማል።

«አብሽሪ ልጄ» አለ ጀማሉዲን። ደግሞ አዳመጠ። «አይደለም፣ ምን ውለታ... አብሽሪ።» ከዚያም፣ «እሺ። ኢንሻአላህ» አለ። ስልኩን መለሰላትና ማርሽ አስገባ።

አርብ ጀማሉዲን ፒካፗን ሆጤ አቁሞ በሚኒባስ ኮምቦልቻ ወረደ። ከጁምዓ በኋላ ከሽማግሌዎቹ ጋር ተቀመጠ። ሸራው ሳይገለጥ፣ ላንድክሩዘሩ እንዳለ ለልጆቹ ይሁን ተባለ፤ ተራው ሲደርስ እሱም ይሁን አለ። ቅዳሜ ከፈጅር በኋላ ወደ ኩታበር ሰው ጭኖ ወጣ።